«አባባን አናግሩ»

ሰኞ 4

የትምህርት ቤት እረፍት ዛሬ ገባና ልጆቹ ክለቡን ወረሩት። አዳራሻችን ከብስክሌት ጠጋኙ በላይ ስለሆነ፣ እነሱ ሲዘሉ ሰውየው ከታች በእንጨት ጣሪያውን ይደበድባል፤ እነሱ ደግሞ መለሰልን ብለው ይብስ ይዘላሉ። ወንበር ስለጎደለ ታናናሾቹን መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳቸው።

የእረፍቱን ፕሮግራም ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ቁልፍ መስፋት፣ እንቁላል መጥበስ፣ ቁስል ማሰር፣ ወረፋ መጠበቅ፣ እምቢ ማለት፣ የተጣላን ማስታረቅ። ሁሉም በጨዋታ ነው። ልጅን ቁጭ አድርገው «እምቢ ማለት መብትህ ነው» ቢሉት ያዛጋል። ከረሜላ ይዘው እየለመኑ እምቢ እንዲል ቢያጫውቱት ግን ቤቱ ገብቶ ለእናቱም እምቢ ይላል። እናቶቹ መጥተው ሲወቅሱኝ በሆዴ ደስ ይለኛል።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሞላትና ዘንድሮ ከትልልቆቹ ጋር ተመደበች። «እቤት እማዬ ነሽ፣ እዚህ ግን እንደ ሌሎቹ እትዬ ነው የምልሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ባለቤቴ ዛሬም አላናገረኝም።

ረቡዕ 6

ምን እንዳጠፋሁ እያሰብኩ ነው ቁልፍ መስፋት ያስተማርኩት። መርፌው ሁለቴ ወጋኝ፤ ልጆቹ ቁስል ማሰርን በዚያው ተማሩ።

የሥራ ባልደረቦቹ እራት የመጡ ቀን ይሆን? ስለ ድሮ ጉዟችን እያወራ «አውቶቡሱ ሊገለበጥ ለጥቂት ነው» ሲል፣ እኔ «ኧረ ጎማው ነው የፈነዳው» አልኩ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሸኝተናቸው ከተመለስን በኋላ ግን ሳህን ሲያነሳ ዝም፣ በር ሲቆልፍ ዝም። ወይስ እህቱ መጥታ ማንም ሳይከፍትላት የተመለሰች ዕለት ነው? ወይስ ክለቡ ቆይቼ ራት ያዘገየሁበት?

እጠይቀዋለሁ። «ምን አጠፋሁ?» እላለሁ። ጋዜጣውን ያጥፈዋል፣ ደግሞ ይዘረጋዋል።

እንደ ሌላው ሰው ባል ጮሆብኝ አያውቅም። እጁን አንስቶብኝም አያውቅም። ይህንን መርሳት የለብኝም።

ዓርብ 8፣ በችኮላ

ጠዋት ሦስታችንም ኩሽና ነበርን። እሱ ለልጄ፣ «ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሰማያዊው ሸሚዝ አልተተኮሰም» አላት። እኔ አጠገቡ ነኝ፤ ክንዴ ክንዱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልጄ ዞር ብላ «እማዬ፣ ሰማያዊው ሸሚዝ አልተተኮሰም» አለችኝ። «አሁን እተኩሰዋለሁ በይው» አልኳት። ነገረችውና ዳቦዋን ቀጠለች።

ተኮስኩት። ሥራ ረፈደብኝ።

ማክሰኞ 12

ዛሬ ተራው የተጣላን ማስታረቅ ነበር። ልጆቹን በየቤተሰቡ ከፈልኳቸው፤ ባርኔጣ ያደረገ አባት፣ ሻርፕ የለበሰች እናት፣ የቀረው ልጅ። አንደኛው ቤተሰብ ወዲያው ተንጫጫ፣ ሌላው ጋ ደግሞ አባትየው ሚስቱን በፕላስቲክ ማንኪያ አዳራሹን ሙሉ አባረራት። ባርኔጣው ልጄ ላይ ሲደርስ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እግሯን አጣመረች፣ የድሮ ጋዜጣ ዘረጋችና ዝም አለች።

እናት ብትጠይቅ ዝም። ልጆች ቢያለቅሱ ዝም። አንድ ጊዜ ብቻ ጋዜጣውን አጥፋ ደግማ ዘረጋችው። ሌሎቹ የራሳቸውን ጠብ ትተው ከበቧት። የፊት ጥርሱ ስለወለቀ ጥርሶ የምንለው ልጅ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸባት። «ኧረ ቤቱ ተቃጠለ!» አላት። ገጽ ገለጠች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ጠጋኙ ከታች ደበደበ።

ወዲያው ራሳቸው ሕግ አወጡለት። አባባ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ተራው የደረሰ ልጅ፣ ሌሎቹ ሠላሳ እስኪቆጥሩ ድረስ ሊያናግረው ይሞክራል። መንካት ክልክል ነው። አባባ ከሳቀ ወይም ከመለሰ ተሸነፈ፤ ባርኔጣውን ያስረክባል። አባባ የሚያናግረው አጠገቡ የምትቆመዋን መልእክተኛ ብቻ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ያመጣችው ልጄ ናት። ስሙንም አወጡለት፦ «አባባን አናግሩ»።

ሌላው ልጅ ወንበሩ ላይ ሲወጣ ገና አሥር ሳይቆጠር ይፈነዳል። ልጄን ያወረዳት የለም።

የድራማ አሰልጣኛችን፣ ለሁሉ ነገር የሚደነቅ ወጣት ነው፣ እጁን እያፋተገ መጣ። «ይቺ ልጅ ተፈጥሮዋ ነው! ከየት አመጣችው?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት፤ «ማንበብ ትወዳለች።»

ሐሙስ 14

እንቁላል መጥበስ ነበር ተራው። እምቢ አሉ። ሁሉም ባርኔጣውን ነው የሚፈልገው። እምቢ ማለትን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝና ምን እላለሁ፤ አመድ አፋሽ።

ማታ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ምን እንደሆነ አልጠቀስኩም፤ ለሁሉም ይሁን ብዬ ነው። ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳበ። ሰምቶኛል ማለት ነው።

ቅዳሜ 16

ጨዋታው ግን ጥሩ ነው፤ የእውነት ነው የምለው። ጥርሶ መጀመሪያ መጮህ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ አሁን ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ደክሞህ ነው እንዴ?» ብሎ ይጀምራል። ድምጿን ሰምተነው የማናውቅ አንዲት ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንተ ስታኮርፍ እኔን ሆዴን ያመኛል» አለች። አጨበጨቡላት። እኛን ለሥልጠና ሰብስበው በወፍራም መጽሐፍ ሊያስረዱን የደከሙበትን ነገር እነዚህ ልጆች በባርኔጣና በጋዜጣ ጨረሱት። ለዋናው ቢሮ ስጽፍም «ልጆች ያኮረፈ ሰው እንዴት እንደሚቀረብ እየተዝናኑ ይማራሉ» አልኩ። ቃሉ አማረኝና ደግሜ አነበብኩት።

ዳኛው የምንለው ብቻ አስቸገረኝ። ካልዳኘ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። ተራው ሲደርስ አላናግርም አለ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ እኮ የአባባ ነው። ምን እንደሆነ እሱ ነው መናገር ያለበት። እኛ ለምንድን ነው የምንለፋው?»

«ጨዋታው እንደዚህ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ጨዋታው ልክ አይደለም» አለና ሄዶ ተቀመጠ።

ከሱ ቀጥሎ ሚጢጢ ነበረች፤ የሁሉም ታናሽ። እሷ ምንም አልተናገረችም። ሄዳ ከወንበሩ ሥር ዘፍ አለችና ጣቷን እየጠባች ጠበቀች። ልጆቹ ሠላሳ ሲሉ ልጄ ጋዜጣውን ከፊቷ ጋር አጣብቃው ነበር። አልተሸነፈችም። ከዚያ ግን ውሃ ልጠጣ ብላ ወጥታ ቆየች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። አቧራ ይሆናል። ምንጣፉን ማራገፍ አለብን።

ሰኞ 18

ከሥራ ስወጣ በመድኃኒት ቤቱ በኩል አለፍኩ። ባለቤቴ እዚያ ነው የሚሠራው። በመስታወቱ አየሁት። የአንዲት አሮጊት እጅ ይዞ፣ «እናቴ፣ ይቺን ጠዋት ነው፣ ይቺን ደግሞ ማታ ከምግብ በኋላ። ከረሱ ይደውሉልኝ፣ ምንም ችግር የለም» ይላቸዋል። ደግመው ጠየቁት፤ ደግሞ መለሰላቸው፤ ሦስተኛም። ወረፋ የቆመች ሴት ለጓደኛዋ «ኧረ እንዲህ ያለ ባል ምነው ለኔ በሰጠኝ! አነጋገሩ ብቻውን ያድናል» ስትል ሰማሁ።

የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ይባላል። እኔ አልልም። የልጄን አባት እንዲህ አልልም።

በሩ አጠገብ ቆሜ ድምፁን አዳመጥኩት። ናፍቆኝ ነበር።

ረቡዕ 20

ከዋናው ቢሮ አንዲት ሴትዮ ልትጎበኘን መጣች። ጫማዋ አዲስ፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን የወጣ። እንቁላል ጥብስ አሳየናት፣ ቁስል አስረን አሳየናት፤ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ትላለች፣ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ። ልጆቹ «አባባን አናግሩ» ሲጀምሩ ግን ቦርሳዋን አስቀመጠች። ልጄን ልታናግር ራሷ ተነሳች። ሠላሳ እስኪቆጠር ለመነች፣ ቀለደች፣ ዘፈነችም። ልጄ ለመልእክተኛዋ «ለሴትዮዋ ንገሪያት፣ መስኮቱ ይዘጋ» አለች። ሴትዮዋ በሳቅ እንባዋን ጠረገች።

«ይኼማ ለወላጆች ቀን መቅረብ አለበት! ወላጆች ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ይሞክሩት! ለመሆኑ ሐሳቡ የእርስዎ ነው?»

«የልጆቹ ነው» አልኩ።

«እርስዎ ቤትማ ኩርፊያ የሚባል አይታወቅም ማለት ነው» አለችኝ እየሳቀች።

ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል። «እኛ ቤት ነገር ሲኖር ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን» አልኩ። አፌ እንዴት እንዲህ ቀለለኝ? ልጄ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ ውስጡን አየት አደረገችው፣ መልሳ አጠለቀችው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለካ ለኔ ነው።

ዓርብ 22

ጨዋታውን ለመለወጥ ሞከርኩ። «ለወላጆች ቀን ‹ጎረቤትን አናግሩ› ብንለውስ? ጎረቤትም ያኮርፋል እኮ» አልኳቸው።

«ጎረቤት ካኮረፈ ወደ ሌላ ጎረቤት ይኬዳል» አለ ጥርሶ። «ምኑ ያስቃል?»

አሰልጣኙም ግራ ገባው። «ምነው፣ ችግር አለው እንዴ?» አለኝ። ችግር አለው ብል ምን ችግር ሊለኝ ነው። የለውም አልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ መንገድ ላይ ጠየቀችኝ። «አባዬ እንዳያየው ፈልገሽ ነው?»

«ምን አገናኘው ከአባትሽ ጋር? ጨዋታ ነው።»

«እኔም ጨዋታ ነው አልኩ እኮ» አለችና ቦርሳዋን በሌላው ትከሻዋ አደረገች። እስከ ቤት ድረስ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም።

እሑድ 24

እህቱ መጣች። ለሷ ሳቀ፣ ተጫወተ፣ ፍራፍሬ ላጠላት። እኔ ሳህን ይዤ ስገባ ወሬው ይቆማል፤ ስወጣ ይቀጥላል። ስሸኛት በር ላይ «ወንድሜ ከስቷል። ምን ሆነሽበት ነው?» አለችኝ።

እኔ ምን ሆኜበት ነው? እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቀው። ግን «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። ሆድ ይፍጀው።

ማክሰኞ 26

በልጄ በኩል ላክሁበት፤ «ለአባትሽ ንገሪው፣ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው።» መልሱም በሷ በኩል መጣ፦ «አውቃለሁ፣ እመጣለሁ በያት።»

ባይመጣ እወዳለሁ። አይ፣ ይምጣ። ቢያየው ምናልባት ይገባው ይሆናል። ደግሞ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰው ሁሉ ያወቀውን እሱ ላይሰማው ይችላል። ይምጣና ሳይገባው ይሂድ። እንዲህ ቢሆን ነው የሚሻለው።

ልጄን ግን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። አላስጠነቀቅኳትም። ስለ ምን ብዬ?

ቅዳሜ 30

አዳራሹ ሞላ። ጠጋኙን ሳይቀር ጋብዘነው መጥቷል፤ ልጆቹ ሲዘሉ የሚያየው ገና ዛሬ ነው። ባለቤቴ ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ግማሹ ወላጅ ደንበኛው ነው፤ አንዱ ሲጨብጠው አንዱ ሲያቅፈው ቆየ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ከሩቅ ለሚያይ ባልና ሚስት ነን።

ልጆቹ ቁልፍ ሰፉ፣ ክንድ አሰሩ፣ እምቢ አሉ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። በመጨረሻ «አባባን አናግሩ» መጣ። ልጄ ባርኔጣዋን አድርጋ ተቀመጠች፤ መልእክተኛዋ ሚጢጢ ናት። አንድ ሾፌር ወጥቶ በጥሩምባ ድምፅ ሞከራት። አንዲት እናት ልታስቃት ወጥታ ራሷ ሳቀችና ወረደች። ከዚያ ያ አሰልጣኝ፣ ምን አቅብጦት እንደሆነ እንጃ፣ ማይክራፎኑን ይዞ «እንዴ፣ የገዛ አባቷ እያለ! እስቲ ይውጡልን!» አለ።

ሕዝቡ ሆ አለ። ባለቤቴ እያፈረ፣ እየሳቀ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ወጣ። እኔ ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

መጀመሪያ ቀለደ። ከመድኃኒት ቤቱ የሚያመጣውን ቀልድ ነው፤ ጥሩ ቀልድ ነው፤ ሰው ተንከተከተ። ልጄ ገጽ ገለጠች። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ፣ አባትሽ» አላት። ዝም። ሕዝቡ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት እያለ ይቆጥራል። ባለቤቴ ተንበረከከና አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እሺ፣ ምን አጠፋሁ? ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝ» አላት።

እግዜር ያውቃል፣ ልክ በኔው ድምፅ ነው ያለው።

ልጄ ጋዜጣውን አጠፈች። ደግማ ዘረጋችው። ከዚያ ወደ ሚጢጢ ዞር አለችና፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ሂጂና ለሰውየው ንገሪው፣ ሰማያዊው ሸሚዝ አልተተኮሰም» አለች።

ሰው ሁሉ ሸሚዙን አየና አዳራሹ ፈነዳ። ቆመው ያጨበጨቡ ነበሩ። ሚጢጢ የነገሩን ክብደት ሳታውቅ ሄዳ «ሰማያዊው ሸሚዝ አልተተኮሰም ተብለሃል» አለችው፤ ይብስ ተሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ግን ከሰው ትንሽ ዘግይቶ። ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ «ልጄ ጎበዝ ናት፣ ተሸነፍኩ» አለ። ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። እስኪያልቅ በር ላይ ቆመ።

የቢሮዋ ሴትዮ ልጄን አቅፋ ፎቶ ተነሳች። እኔን ደግሞ «ምን ዓይነት ደስ የሚል ቤተሰብ ነው ያላችሁ!» አለችኝ።

ወደ ቤት ሦስታችንም በእግር ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኔ መሐል፣ ልጄ ከኋላ።

እሑድ 1

እሷንም አያናግራትም።

ረቡዕ 4

መልእክተኛ የለም። ሸሚዝ የለም፣ ሻይ የለም፣ «ንገሪያት» የለም። እሱ ጨው ሲያጣ ተነስቶ ያመጣል። ልጄ ደህና እደር አለችው፤ ግድግዳውን አየ። ደግማ አላለችውም። እንደኔ አትከተለውም፣ ምን አጠፋሁ ብላ አትጠይቅም። ክፍሏ ገብታ መጽሐፏን ታነባለች፤ ደግሞ ታፏጫለች! በዚህ ቤት ውስጥ ማን ያፏጫል?

ደፋርነቷ አስፈራኝ። እንዲህ ከሆነች ዕድሜ ልኩን ቢዘጋትስ? እኔ ለምጄዋለሁ። አባት ግን አባት ነው።

ዓርብ 6

አናገረኝ!

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ከኋላዬ መጥቶ ቆመና «ሰማሽ?» አለኝ። እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ አመለጠኝ፤ አልተሰበረም። ድምፁ ጎርነን ያለ መሰለኝ። ስንት ጊዜው ነው!

«ልጅሽ ሰው ፊት አዋረደችኝ። ይቅርታ ትጠይቀኝ። አንቺ ንገሪያት» አለ።

«እነግራታለሁ» አልኩ ቶሎ ብዬ። ከዚያ፣ አፉ ከተከፈተ አይቀር ብዬ፣ «እኔስ ግን፣ ምን አጥፍቼ ነበር?» አልኩት።

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አለኝ። ሻይ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አፈላሁለት፣ ቁጭ ብለን ጠጣን፤ ስለ መድኃኒት ቤቱ አዲስ መደርደሪያ አወራኝ። እየሳቅሁ ነበር የማዳምጠው። ስለ መደርደሪያ ይሄን ያህል ይሳቃል? እፍረት የለኝም።

ቅዳሜ 7

ልጄን አልጋዋ ላይ አገኘኋት። ጸጉሯን እያበጠርኩ ነገርኳት።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?

ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደች። «እማዬ፣ አንቺ በየጊዜው ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ አይደል። ስለ ምን እንደሆነ አንዱን ብቻ ንገሪኝ። ከነገርሽኝ እኔም እጠይቀዋለሁ።»

ፈለግሁ። አውቶቡሱ፣ ጎማው፣ እህቱ፣ በሩ። አንዱም ለልጅ የሚነገር አልሆነልኝም። «አባትሽ ነው» አልኳት። «ስለ እኔ ብለሽ። አሁን ገና ነው ያናገረኝ፣ አታበላሽብኝ። እለምንሻለሁ።»

ብዙ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያዘነችልኝ።

«ስለ አንቺ ከሆነ እሺ» አለች።

ሳሎን ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። «አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ አይለምደኝም» አለችው። አንድም ቃል አላጎደለችም። እሱም ራሷን ዳበሳትና «ተይው በቃ፣ አለፈ» አላት። ደግ ሰው ነው፣ ቂም አይዝም።

ማክሰኞ 10

ቤቱ ሰላም ነው። ራት ላይ ያወራል፣ ይቀልዳል። ልጄም ትመልስለታለች፤ ሲቀልድ ትስቃለች፣ ውሃ ሳይጠይቅ ትቀዳለታለች። ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የምትናገረው፤ ፊቱ ጠቆር ሲል ወሬዋን ትቀይራለች። እንዴት ቶሎ ተማረች! እኔን ዓመታት ነው የፈጀብኝ።

ቢሮው ደብዳቤ ልኮልኛል። ጨዋታውን ለሌሎች ክለቦች አሰልጣኞች እንዳስተምር ይፈልጋሉ፤ ልጄም አብራኝ ሄዳ እንድታሳያቸው። ጠየቅኳት። «እሺ እማዬ» አለች። ደስ ይልሻል ወይ ብላት «እሺ» አለች። ያልጠየቅኳትን ነው የመለሰችልኝ።

ሐሙስ 12

የእረፍቱ የመጨረሻ ሳምንት ነው። ልጆቹ ባርኔጣውን ይዘው ልጄን ከበቧት፤ «ዛሬ አልፈልግም፣ ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ» እያለች ለሁሉም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ስለዚህ የኳስ ጨዋታ አመጣሁ። እኔ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ኳሱን የቀለበ ይመልሳል፣ መልሱ ልክ ከሆነ ያጨበጭቡለታል፣ ከዚያ ለሌላው ይወረውራል። እየሮጡ፣ እየወደቁ፣ እየተሳሳቁ ሲጫወቱ ጠጋኙ እንኳን አልደበደበም።

«እንግዳ ሰው ና ልሸኝህ ቢልህ?» «እምቢ!» «ወንድምህ እጁን በቢላ ቢቆርጥ?» «በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጌ እይዘዋለሁ!» ጥርሶ ይህንን ሲመልስ የራሱን እጅ ይዞ አሳየ። ኳሱን ለልጄ ወረወረላት።

ጥያቄው ከወረቀቱ ላይ ተራውን ጠብቆ የመጣ ነው፤ እኔ አልመረጥኩትም። «ጓደኛሽ አንድ ቀን ድንገት ማናገር ብታቆምሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጄ ኳሱን አቅፋ፣ ሳታስብ፣ «ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አለች።

«ምን አጥፍተሽ?» አላት ዳኛው።

«እሱ አይጠየቅም» አለችው። ሕጉን ለማያውቅ ልጅ እንደምታስረዳ፣ ረጋ ብላ ነው የነገረችው።

ገሚሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። «እትዬ» አለ ወደኔ ዞሮ፤ «ልክ ናት?»

ሁሉም ፍርዴን ይጠብቃል፣ ያጨብጭቡ ወይስ አያጨብጭቡ። ልጄም ትጠብቃለች። አባቷን ይቅርታ ከጠየቀችባት ቅዳሜ ወዲህ ቀጥ ብላ ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ኳሱን ለሚቀጥለው ወርውሪ» አልኳት።

ወረወረችው።